ለደብተራው

ይድረስ ለወንድሜ ለደብተራው፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር… ተወው። ሁለት እንቁጣጣሽ አሳልፎ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ያሳፍራል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመኪናችን ከካምሪዋ ድርሻህ የቀረችውን 600 ዶላር ሳልከፍል እንዴት ልደውል እያልኩ ወሩ ዓመት ሆነ። ይህን ከመጻፌ በፊት በስልክ፣ በዜል ልኬልሃለሁ፤ ስልክህን እይ። ከታች የምለምንህን ስታነብ ጉቦ እንዳይመስልህ። እሺ፣ ትንሽ ጉቦ ነው።

የሲያትል ዝናብ እንዴት ይዞሃል? ልጅቷ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉ ሰማሁ። እልልልል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሰማያዊዋ ደብተርህ አለች?

እንዳትስቅ። ስቀሃል አይደል? ሳቅ፣ ይገባሃል። ማታ ማታ አሌክሳንድሪያ ማደያው ጋ መኪናዋን ስታስረክበኝ ትዝ ይለኛል። በክር ያንጠለጠልካትን እስክርቢቶ ከጸሐይ መከላከያው ላይ ትስባለህ። አንገትህን አስግገህ ኦዶሜትሩን ታነባለህ፣ ትጽፋለህ፣ ደግመህ ታያለህ። እኔ ከጎንህ ሆኜ ጥሩንባውን እጫናለሁ። «ቅኔ እየዘረፍክ ነው?» እልህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከታክስ ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ። ስለ 2024 ነው። ለመኪና ወጪ ያስያዝከውን አስረዳ፣ የማይል መዝገብህን ላክ ይላል። 30 ቀን ሰጥተውኛል፤ ዘጠኙ አልፏል።

ለአንተ ልናዘዝ። ታክሴን ሳሠራ ሰውዬው «ስንት ማይል ነዳህ?» አለኝ። «40 ሺህ» አልኩት። እንዲሁ ከአፌ የወጣ ቁጥር ነው። ታክስ ቢሮው ለመኪና ወጪ የሚፈቅደው የዚያ ዓመት ተመን በማይል 67 ሳንቲም ነበር፤ 26,800 ዶላር ከገቢዬ ላይ ተቀነሰ። ሼጁል ሲ የሚሉት የታክስ ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ። ማስረጃ አለህ? ማስረጃው በጽሑፍ ነው? ሁለቱም ላይ አዎ አልኩ። በጫማ ካርቶን የሞላ የነዳጅ ደረሰኝ ነበረኛ! ለካ በማይል ተመን ከሄድክ ነዳጁም፣ ዘይቱም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም እዚያችው 67 ሳንቲም ውስጥ ናቸው። ለብቻ የሚያዘው የሥራ ቶል (የመንገድ ክፍያ) እና ፓርኪንግ ነው። የፓርኪንግ ቅጣት አይያዝም። እሱ ቢያዝ ኖሮ አንተ ይሄኔ ታክስ የሚባል ነገር አትከፍልም ነበር።

ተሳፋሪ የሚልክልን አፕ የሰጠኝ የዓመቱ ማጠቃለያ ደግሞ 17,900 ማይል ይላል። ሰው ጭኜ የሄድኩትን ብቻ ነው የቆጠረው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባዶዬን ወደ ዱልስ አውሮፕላን ማረፊያ የተመለስኩትን፣ አንድ ተሳፋሪ ለማንሳት 12 ማይል የሄድኩትን ማን ይቁጠርልኝ? ባዶውም እኮ ሥራ ነው፣ ይያዛል። ግን መጻፍ ነበረበት። የሚጽፍ ሰው ላይ ስስቅ ነበራ።

ሦስት ሌሊት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አደርኩ። ያዳነኝ የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ነው፤ ሁሉም ላይ ኦዶሜትሩ ተጽፏል። የጃንዋሪ መጀመሪያው 61,240፣ የዲሴምበር መጨረሻው 119,900። 58,660 ማይል! ምስኪን ካምሪ። ቶል የምንከፍልበትን የኢዚፓስ ወረቀቱንም አወጣሁ። ችግሩ እስከ ኦገስት ያለው የሁለታችንም መሆኑ ነው፤ ቀን ያንተ፣ ማታ የእኔ። ያንተ ካልተቀነሰ የእኔ አይታወቅም። በግምቴ የእኔ የሥራው 31 ሺህ ቢሆን ነው። ይህ 20,770 ዶላር ይሆናል። ከ40 ሺህ ላይ የተጋነነውን ከነወለዱ እከፍላለሁ፤ ምላሴ ያመጣው ዕዳ ነው። የሚያስፈራኝ መዝገብ ስላጣሁ 17,900 ላይ ቢያስቀሩኝ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው ታክስ ልዩነት ብቻ 1,240 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ያውም የገቢ ታክሱ ሳይጨመር። ጭራሽ ሊሰርዙትም ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው… ይሁን። ማክሰኞ ማታ አዲስ ደብተር ገዛሁ። ሦስት እስክርቢቶ ይዤ ዓመቱን በአንድ ሌሊት ልጽፈው ተቀመጥኩ። አሮጌ እንዲመስል ቡና ጠብ አደረግኩበት። ሽታው ሚስቴን ቀሰቀሳት መሰለኝ፣ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ሜይ 5 ላይ ደርሼ «ዱልስ፣ 3 ጊዜ» ብዬ ጽፌአለሁ። አነበበችና «ይሄ እኮ ፋሲካ ነው። ሰው ቤት ዶሮውን በልተህ ሶፋ ላይ ስታንኮራፋ አይደል እንዴ የዋልከው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ተመልሳ ተኛች። እኔ ቀድጄ ጣልኩት፤ እንቅልፍ ግን የለም።

የ2025ቱ ይሻላል። ስልኬ ላይ ማይል የሚቆጥር አፕ ጫንኩ። እሱም ጉዱ አያልቅም፤ ካልነገርከው ለአስቤዛ ኮስትኮ የሄድነውን ሁሉ ሥራ ይለዋል። እሁድ እሁድ ቁጭ ብዬ እለያለሁ። የዚያ ዓመት ተመን 70 ሳንቲም ገብቷል፤ ሰምተሃል መቼም።

እና ወንድሜ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ያለውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቀኑና የጠዋት የማታው ቁጥር ይነበብ። ያስረከብከኝ ቁጥር የእኔ መነሻ፣ በማግስቱ የተረከብከው የእኔ መድረሻ ነው። አየህ፣ የእኔንም ስትጽፍልኝ ነበር የከረምከው። ዕቃ ስትሸክፍ ጥለሃት እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ ከዚያ የዘጠነኛ ክፍል ሰርተፊኬትህን እስካሁን እንደያዝክ ትዝ አለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ በእናንተ ሰዓት። ባታነሳም አልቀየምም። ግን አንሳ።

ያው የማታው ሾፌር