የቤቱን ጀርባም አሳዩን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በዌልስ፣ ሬክሰም ከተማ አጠገብ ስላለው የኤርዲግ ቤት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ደስ ብሎኛል፤ አንዲት ሐረግ ግን ቆረቆረችኝ። «በ1687 ተሠርቶ እስከ ዛሬ እንዳለ የቆየ» ትላለች። እዚህ እንግሊዝ አገር ሃያ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ያንን ቤትም ሦስት ጊዜ ዞሬ አይቼዋለሁ። እንዳለ አልቆየም። (ዓመቶቹን እንደ እናንተው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፎቶግራፋችሁ የተነሣው ከምዕራብ በኩል ነው። የሚታየው ግራጫ ድንጋይ ልባስ ነው። በዚያ በኩል ነፋስና ዝናብ ጡቡን ስለበላው በ1770ዎቹ አርክቴክቱ ጄምስ ዋያት በጥርብ ድንጋይ አለበሰው። ወደ አትክልቱ ቦታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞር ብትሉ ግን ቀዩ ጡብ እዚያው አለ። መሀሉ ጆሹዋ ኤዲስበሪ በ1684 ያስጀመረው፣ ቶማስ ዌብ የገነባው ነው። ኤዲስበሪ ቤቱን ጨርሶ ዕዳው ጨረሰው፤ ንብረቱ ጆን ሜለር ለተባለ የለንደን የሕግ ሰው ገባ። ግራና ቀኝ ያሉትን ክንፎች ከ1721 እስከ 1724 የጨመረው ሜለር ነው። ትልቁ የምግብ አዳራሽ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1826 ግድም፣ በቶማስ ሆፐር ንድፍ መጣ። ታዲያ የትኛው ነው የ1687ቱ ቤት?

በእኛ ሥራ አሮጌ ቤት ላይ ክፍል ስንቀጥል መጀመሪያ የምናየው መጋጠሚያውን ነው። አሮጌው ግንብ መስመጡን ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ይጀምራል፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ሲወርድ መሀላቸው ይተረተራል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ያንን ስንጥቅ ፍለጋ ነበር አንገቴን ያቀናሁት። የኤርዲግ ትልቁ ጣጣ ግን ከሥሩ ነው የመጣው። ከአጠገቡ ካለው የበርሻም ማዕድን የድንጋይ ከሰል ሲወጣ መሬቱ ጎደጎደና ቤቱ 1.5 ሜትር ያህል ሰመጠ። ጣሪያውም ዝናብ ያስገባ ጀመር። የመጨረሻው ባለቤት ፊሊፕ ዮርክ፣ መብራት እንኳ ሳያስገባ የኖረ ሰው፣ በ1973 ቤቱን ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት አስረከበ። መሠረቱ የተጠናከረው ከከሰል ድርጅቱ በተገኘ 120,000 ፓውንድ ካሳ ነው፤ ለቀረው እድሳት ከግቢው መሬት ተቆርሶ በ995,000 ፓውንድ ተሸጠ። በ1977 ለጎብኚ ተከፈተ። ይህን ሁሉ ያለፈን ቤት «እንዳለ የቆየ» ማለት የሠራተኞቹን ድካም መካድ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨርሶ አላነሣችሁም። ጎብኚ ወደ ቤቱ የሚገባው በዋናው በር ሳይሆን በጓሮ፣ በአናጺውና በአንጥረኛው መሥሪያ በኩል ነው። ውስጥም የጌቶቹ ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ብዙዎቹን በ1790ዎቹ ያሣላቸው የዚያ ዘመን የቤቱ ጌታ፣ ስሙ ከመጨረሻው ባለቤት ጋር አንድ የሆነው ሌላው ፊሊፕ ዮርክ ነው፣ ከነግጥማቸው። ኤድዋርድ ፕሪንስ የተባለው አናጺ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ጥሩምባ የያዘ ጥቁር የሠረገላ ልጅ አለ። ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት እሱን ልጄን ላሳያት ብዬ ነው፤ «አባዬ፣ ስሙስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።

የጋዜጣችሁ ቦታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በሚቀጥለው እትም ከምሥራቅ በኩል የተነሣ አንድ ፎቶ ብታወጡ፣ ከሥሩም «ዌብ፣ ሜለር፣ ዋያት፣ ሆፐር» ብላችሁ ብትጽፉ እርማቱ ይበቃኛል። ቦታ ከተረፈ አናጺውንም ጨምሩት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ግንበኛ፣ ከሊቨርፑል