«ቢያርፉ ይመረጣል» ለተባልነው

ለአዘጋጁ፦

ስለ ባሕር ዳር የጠዋት ስፖርት የሠራችሁትን ዘገባ ልጄ ናት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ፣ «እማዬ ዜና ላይ ወጣሽ» ብላ። እውነትም ወጥቻለሁ። ፎቶው ላይ በግራ በኩል ጀርባዋን ሰጥታ የምትታየው ባለ ሰማያዊ ቱታዋ ሴትዮ እኔ ነኝ። ከሥሩ ደግሞ «ጤናማ የከተማዋ ነዋሪዎች በጣና ዳር ስፖርት ሲሠሩ» ብላችሁ ጽፋችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሐኪሜ እንኳን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ 11 ዓመት ሙሉ ከስኳር ጋር የኖርኩ፣ ግፊትም ያለብኝ፣ 61 ዓመት የሞላኝ ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከጎኔ ያሉት ጋሼ ስትሮክ መቷቸው የተነሱ ናቸው፣ ከዘራቸው እኮ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለምን የያዙት መስሏችሁ ነው፣ ለፋሽን? ከፊታችን ያለችው ልጅ አስም አለባት። ከኋላ የቀረችው እትዬ ጉልበቷን ያማታል። በዛ ፎቶ ውስጥ ጤነኛ ካለ በዳር የሚያልፈው ባለ ባጃጅ ነው፣ እሱንም ጠይቀን አናውቅም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ሦስት አንቀጽ ወረድ ሲል ግን «ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስምና መሰል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቢያርፉ ይመረጣል» ይላል። ማነው የመረጠው? የሐኪም ስም የለ፣ የአሰልጣኝ ስም የለ፣ ዝም ብሎ ይመረጣል። ማረፍማ እናርፋለን፣ ቀኑ ሲደርስ ዕድራችን ድንኳኑን ይተክላል፣ እናንተም ያኔ «አረፉ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ?

ደግሞ የሚያናድደው ጋዜጠኛው እኮ አናግሮናል! ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ 20 ደቂቃ ያህል ቀድቶናል፣ ጋሼም ከአልጋ ተነስተው ከዘራ ይዘው እስኪሄዱ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግረውታል፣ እሳቸው ደግሞ ካወሩ አያቆሙም። ከዛ ሁሉ ወሬ አንድ መስመር እንኳን አልወጣችም፣ ጀርባችን ብቻ ወጣ።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአካል እንቅስቃሴ መመሪያ ላይ ስኳር፣ ግፊት፣ ኤችአይቪ ያለባቸውን፣ ከካንሰር የተረፉትን፣ አካል ጉዳተኞችን ሁሉ ለየብቻ አንስቷቸዋል፣ እና ያለው አርፋችሁ ተቀመጡ አይደለም፣ አዋቂ ከሆናችሁ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው ያለው። እኛ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ 50፣ 50 ደቂቃ እንሄዳለን። ደምሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ነው፣ 380 ሜትር ነው፣ ሁለቴ ደርሶ መልስ ስንለው 1,520 ሜትር፣ ጋሼ አንዱን ዙር ካስቀሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዳቸውን ይከፍላሉ። ጡንቻውን ደግሞ ውሃ የሞላ ሃይላንድ እያነሳን፣ የብስክሌት ከመነዳሪ እየሳብን፣ ከአግዳሚ ወንበር አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ እያልን እንሠራለን። እሁድ ከቤተክርስቲያን በእግር ነው የምንመለሰው፣ ባጃጅ የለም።

ለስኳር ሰው ደግሞ ነገሩ መድኃኒት ነው፣ ጡንቻ ሲሠራ የኢንሱሊንን እርዳታ ሳይጠብቅ ስኳሩን ከደም ይስባል፣ ከዛም በኋላ አንድ ሁለት ቀን ኢንሱሊኑ የተሻለ ይሠራል፣ ለዚህ ነው ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ አትዝለሉ የሚባለው። እናቴም ስኳር ነበረባት። «አንቺ እረፊ» ብለን ቡና እንኳን እንዳትወቅጥ ከለከልናት፣ ሙቀጫውን ከእጇ የቀማሁት እኔ ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ደጋፊ ከመደብ መነሳት አቃታት። ስለዚህ «ቢያርፉ ይመረጣል» የሚለውን እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ማንበብ አልችልም፣ ይቅርታ።

አስም ያላችሁትንም ልጨምር። ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም እንዳለበት የማያውቅ አለ? በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግን ማራቶን የተወው የአየሩን ብክለት ፈርቶ ነው፣ ግን ቤቱ አልተቀመጠም፣ እዛው ቤጂንግ 10 ሺህ ሜትሩን ሮጠ፣ በመስከረም ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:03:59 ገብቶ ሪከርድ ሰበረ። እንግዲህ ሲመረጥ እንዲህ ነው። የእኛ አስመኛም መንፊያዋን ኪሷ ውስጥ ትይዛለች፣ ቀስ ብላ አሟሙቃ ትጀምራለች፣ ከዛ ሁላችንንም ጥላን ትሄዳለች።

ዝም ብላችሁ ዝለሉ ማለቴ ግን አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጂም ገብቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። አሰልጣኙ ስንት ኪሎ መቀነስ እንደምፈልግ ጠየቀኝ፣ ምን ኪኒን እንደምውጥ አልጠየቀኝም። ሰዓት እጄ ላይ አሰረና «ማዘር፣ የልብ ምትዎ 140 ካልገባ አልሠሩም» አለኝ፣ እኔ ደግሞ አቴኖሎል እወስዳለሁ፣ የልብ ምትን ቀስ የሚያደርግ የግፊት ኪኒን ነው፣ በሬ ቢያባርረኝ 140 አልገባም። ብረት አሸክሞ «ትንፋሽ ይያዙ» አለኝ፣ ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ብረት ሲያነሳ ግፊቱ ወደ ላይ እንደሚተኮስ ማንም አልነገረውም። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ውጫለሁ፣ ቁርስ አልበላሁም፣ ስኳሬ ወረደ። አቴኖሎል ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የእጅ መንቀጥቀጥ ይደብቃል፣ ላቡን ግን አይደብቅም፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጎበዝ ማዘር፣ ስቡ እየቀለጠ ነው!» ያተረፈችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ስኳር የበዛበት የራሷን ሻይ አፌ ላይ ደቀነችልኝ።

እናንተም እዛው ዘገባ ላይ «በባዶ ሆድ ቢሠራ የበለጠ ስብ ያቃጥላል» ብላችኋል። ለጤነኛው ይሁንለት። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው፣ ኪኒኑን ወይ ኢንሱሊኑን የወሰደው ሰው ይሄን አንብቦ ቢነሳስ? እኛ ሳንነሳ ስኳራችንን እንለካለን፣ ከ90 በታች የሆነበት ሰው ሙዝ ይበላል፣ እስኪወጣለት ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። ጫማችንን ገልብጠን አራግፈን ነው የምናጠልቀው፣ ከእኛ አንዷ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ስኳሩ እግሯን ስላደነዘዘው ድልድዩን ደርሳ ስትመለስ አልተሰማትም፣ ደሙን ያየነው ካልሲዋ ላይ ነው። የልብ ምት አንቆጥርም፣ መለኪያችን ወሬ ነው፣ ሰው እያማን መሄድ ከቻልን ልክ ነው፣ መዘመር ከቻልን ቀስ ብለናል ማለት ነው፣ ማማት ካቃተን ፍጥነት እንቀንሳለን።

የሚታረፍበት ቀንም አለ፣ አልዋሽም። ደረት የሚጨመድድ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ 200 በ110 ያለፈ፣ ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው አሲድ) የታየበት፣ ትኩሳት የያዘው፣ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ያን ቀን ሐኪም ጋር ነው የሚሄደው፣ አዲስ ጀማሪም መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ይሄን ጽፋችሁ ቢሆን እጃችሁን እስም ነበር። ሦስት መስመር ነው፣ ጀርባዬ የያዘውን ቦታ ያህል እንኳን አይሆንም።

አሁን የምጠይቀው ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አስተካክሉ፣ «ታማሚዎች» ብትሉን አንቀየምም። ጋሼ ደግሞ በፊት ለፊት ሌላ ፎቶ ይነሳልኝ ብለዋል፣ ለዚሁ ሲሉ ጢማቸውን ተላጭተዋል። ጋዜጠኛው ሐሙስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጊዮርጊስ ጋር ያገኘናል። ቁርሱን በልቶ ይምጣ።

ባለ ሰማያዊ ቱታዋ
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር