ለእማዬ፣ ስለ ሚጣ ልጅ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቀኝ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሚቲዎሮሎጂ ቀድሞ ይነግረኛል።

ይህን የምጽፈው ስለ እህቴ ስለ ሚጣ እርግዝና በስልክ ሳነሣብሽ «ተወው፣ አማቶቿ ጆሮ እንዳይገባ» ብለሽ ስለዘጋሽብኝ ነው። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም።

15 ዓመቴ ላይ ከትምህርት ቤት ጀርባ ኳስ ተጫውቼ የመጣሁበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? ጓደኞቼ ደሜ ቶሎ አልረጋ የሚልበትን በሽታዬን፣ ሄሞፊሊያን፣ አያውቁም ነበር፤ «አልጫወትም» ማለት ከመድማት የባሰ ያሳፍረኝ ነበር። መጀመሪያ ጉልበቴ ውስጥ ሞቅ አለኝ፣ ከዚያ ነዘረኝ። ገና ሳያብጥ እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ደግሞ በሩን ሳልከፍት በኮቴዬ ታውቂዋለሽ። ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ ለምነሽ፣ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ስትይዥልኝ አደርሽ። በማግስቱ ዘመድ ሁሉ «ውልቃት ነው» ብሎ ወጌሻ አመጣ። በቅቤ አሸኝ። ጉልበቴ ቅል አከለ፤ 3 ሳምንት ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

እዚያው አልጋ ላይ ነው ጋራዥ የመግባት ሐሳቤን ያስጣልሽኝ። «መፍቻ ከሚያስይዝህ እስክሪብቶ የሚያስይዝህን ፈልግ» አልሽኝ፤ ሳምንት አኮረፍኩሽ። ይኸው ዛሬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤት ስከራይ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ከጥቁር አንበሳ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ይህንን አርቆ ማየት ከአንቺ ነው የተማርኩት፤ ታዲያ ለሚጣ ሲሆን ለምን ፈራሽ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሉሽ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው 8ኛው ፋክተር የሚሠራበት ጂን ተበላሽቷል። ለእኔ የደረሰኝ እሱ ነው። ለሚጣም የመድረሱ ዕድል 50 በመቶ ነው። ከደረሳት፣ ወንድ ብትወልድ እሱም ያው 50 በመቶ። ጥፋት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። እንጥሉን ሲቆርጡት ደሙ አልቆም ብሎ የሞተው ታናሽ ወንድምሽ ትዝ ይልሻል? አያቴ እስክትሞት «ዓይን በላው» ትል ነበር። እኔ ግን የእኔው በሽታ ይመስለኛል። የእኔንም ስምንተኛ ቀን አትርሺ፤ ከግርዘቱ በኋላ ጨርቅ ስትቀይሪ ያደርሽበትን።

ስለዚህ ሚጣ ለሐኪሟ አሁኑኑ ትንገር። የራሷም ፋክተር ይለካ፤ ተሸካሚ ሴቶችም አንዳንዶቹ ሲወልዱ ብዙ ይደማሉ። ልጁን በቫኩም ወይም በፎርሴፕስ ስቦ ማውጣት ይቅር። ሲወለድ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ይመርመር፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ጡንቻው ላይ መርፌ አይወጋ። ግርዘቱም ይቆይ። ቄሱን እኔ አናግራለሁ።

አማቶቿንም እኔው ልንገራቸው፤ የሚያፍር ካለ በእኔ ይፈር። ቅዳሜ ማታ ደሴ እገባለሁ። መድኃኒቴን፣ ፋክተሩን፣ በበረዶ ሳጥን ይዤ ስለምመጣ ፍሪጁ ውስጥ ቦታ አብጂልኝ። ከቅቤው አጠገብ ቢሆን ግድ የለም፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ግን እንዳታስገቢው፤ ባለፈው እንደዚያ አድርገሽ መጣሉን አልረሳሁም።

ልጅሽ