ቅዳሜ ማታ ዙ እንሄዳለን፤ እናንተም ጭምር

ህዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የዋሽንግተን መካነ አራዊት የማታ መብራት ጉብኝት

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ልጆቹ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም። ዘንድሮም ዙላይትስ ልንሄድ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ታህሳስ 5፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 14 ነው። የምንገናኘው በኮኔቲከት አቬኑ በኩል ባለው ዋና በር፣ በአሜሪካ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው።

ሁለቱንም ሰዓት የጻፍኩት በምክንያት ነው። አምና «11 ሰዓት» ብቻ ብዬ ጻፍኩና ጉድ ሆንኩ። አንድ አባት በአሜሪካው 11 ሰዓት፣ ረፋድ ላይ፣ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ደወሉልኝ። «መብራቱ የታለ?» አሉኝ። ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሳቸው ግን ምንም ሳይቆጡ ልጆቹን በቀን ብርሃን እንስሳቱን አሳይተው፣ ቤት ተመልሰው፣ ማታ እንደገና መጡ። የቀኑ መግቢያ ነፃ መሆኑ በጀኝ እንጂ እዳ ውስጥ ገብቼ ነበር።

ዘንድሮ ለተመዘገባችሁ አዲስ ወላጆች ትንሽ ላብራራ። መካነ አራዊቱ የስሚዝሶኒያን ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. በኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ሮክ ክሪክ ሸለቆ ውስጥ 163 ኤከር ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ዙላይትስ የሚባለው የበዓል ሰሞን የማታ ዝግጅቱ ነው። ዛፎቹና መንገዶቹ በመብራት ያሸበርቃሉ፤ በእንስሳት ቅርጽ የተሠሩ ትልልቅ መብራቶችም አሉ። ሙዚቃም ይኖራል። ለብዙ ዓመታት በነፃ ይታይ ነበር፤ አሁን ግን የማታው በቲኬት ሆኗል። ስለ ቲኬቱ አታስቡ። የወላጆች ኮሚቴያችን በመስከረሙ ባዛር ካገኘው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ተማሪና ለአንድ ወላጅ ገዝቷል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ለልጆቹም ንገሩልኝ። የምንሄደው እንስሳ ለማየት አይደለም። በዚያ ሰዓት አንበሳውም ዝሆኑም ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። በተለይ ስለ ፓንዳዎቹ ልጆቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል። አምና ስንሄድ የድሮዎቹ ፓንዳዎች ወደ ቻይና ከተመለሱ ገና ወር አለፍ ብሏቸው ነበር። አሁን ባኦ ሊና ቺንግ ባኦ የሚባሉ ሁለት አዳዲስ ፓንዳዎች በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. መጥተዋል። ነገር ግን ለሕዝብ የሚታዩት ከጃንዋሪ 24፣ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ስለዚህ «ዳይሬክተሩ ፓንዳ አሳያችኋለሁ ብሎን ነበር» የሚል ልጅ ካለ፣ አላልኩም።

ታዲያ ለምን እንሄዳለን? መብራት ለማየት ብቻ ቢሆን የሠፈር ገና ዛፍም ይበቃ ነበር። እኔን የሚያጓጓኝ ጨለማው ነው። ጨለማና ብርድ ባለበት ልጅ ወደ ወላጁ ይጠጋል፤ ስልክም ለማውጣት እጅ ከጓንት አይወጣም። ያኔ ወሬ ይመጣል።

አምና የሆነውን ላጫውታችሁ። መንገዱ ዳር ላይ አራት እግር ያለው፣ ጆሮው ቀጥ ያለ አንድ የመብራት እንስሳ ቆሟል። ልጆቹ ተከራከሩ። አንዱ ውሻ ነው አለ፣ ሌላዋ ቀበሮ ነው አለች። ከተማሪዎቻችን የአንዷ አያት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከኋላ ሲመጡ ነበር። ቆም ብለው አዩትና «ይሄማ ጅብ ነው» አሉ። የሠሩት ሰዎች ተኩላ ብለው ይሆናል፤ እኔም ለማረም አልደፈርኩም። ከዚያ እማማ ጀመሩ። እሳቸው መንዝ ነው ያደጉት። ልጅ ሳሉ በጎቹን ማታ ሲያስገቡ ጅብ ከገደሉ ሥር ሲጮህ ይሰማቸው ነበር። አባታቸው ችቦ ለኩሰው ይወጣሉ። «መብራት ማለት ለእኔ ያ ነበር» አሉ፣ በእጃቸው ያን ሁሉ ያሸበረቀ ዛፍ እያሳዩ።

ሃያ የሚሆኑ ልጆች ከበቧቸው። ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ ብዬ የማልችላቸው ልጆች ናቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ «እማማ፣ ከዚያ ጅቡ ምን አደረገች?» ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ጅቡን አንስታይ አደረጋት። ማንም አልሳቀበትም፤ እማማም በእርሱው አማርኛ «ሄደችልን» ብለው መለሱለት። ያ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ከእኔ ጋር በአማርኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አያውቅም ነበር።

ትኩስ መጠጥ ለመግዛት ተሰልፈን ሳለንም እንቆቅልሽ ተጀመረ። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር መስጠት አለበት፤ ወጉ ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ሲልቨር ስፕሪንግን ሰጠሁህ» አለ። ጠያቂውም ወዲያው «ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብሎ ቀጠለ። እኛ ጎንደርን እንደምንሰጥ እነሱ የዋሽንግተንን ጎረቤት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግን ሰጡ። አገራቸውን ነው የሰጡት፤ ምን ይባላል?

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ልጆቹን አትላኩልን፤ አብራችሁ ኑ። ቅዳሜ ማታ ብዙዎቻችሁ ሥራ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሆስፒታል የማታ ተረኛ የሆነ አለ፣ ታክሲና ኡበር የሚይዝ አለ፣ ለዚያ ለሚነዳው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ዋናው ገበያ ነው። አባት ካልቻለ እናት፣ እናት ካልቻለች አያት፣ እነሱም ካልቻሉ አጎት ወይም አክስት ይምጡ። በተለይ አያቶችን! ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ እናት ወይም አባት ካሏችሁ በዚህ ብርድ ቤት መቀመጣቸው ሰልችቷቸዋል። ይዛችኋቸው ኑ። አስጎብኚዎቻችን እነሱ ናቸው።

ዘንድሮ በእግረ መንገዳችን ስለ ሜዳ አህያ እናወራለን። ለልጆቹ ስሙ ያስቃቸዋል፤ «አህያ ከሆነ ለምን ስትራይፕ አለው?» ይላሉ። እናንተም ከወዲሁ ተዘጋጁበት፤ የእኛ ታሪክ ያለበት ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. አፄ ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። እንስሳው የገባው እዚሁ እኛ የምንጎበኘው መካነ አራዊት ነው። አሜሪካኖቹ ዳን ብለው ጠሩት። በኋላ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከፈረስ ጋር ሊያዳቅለው ሞከረ። ዝርያው በፈረንጅ የግሬቪ ይባላል። ይህም ስም የመጣው በ1882 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከአገራችን አንዱ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ስለተላከ ነው። እኛ ላክን፣ እነሱ ስም አወጡ። ዛሬ ይህ ዝርያ በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ውስጥ ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያደረሳችሁ አባት ወይም እናት የነበራችሁ፣ ያንንም ጨምሩበት።

አሁን ወደ ብርዱ። «ክረምት» ስንል ልጆቹና እኛ አንግባባም። ለእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ጭቃና ዝናብ። ለእነሱ በረዶ ነው። አገር ቤት ታህሳስ በጋ መሆኑን ስነግራቸው እንደ ተረት ይሰሙኛል። በታህሳስ እዚህ ጀምበር የምትጠልቀው በአሜሪካ ሰዓት 5 ሳይሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አይበቃም፤ ከሥር ደራርባችሁ አልብሷቸው። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ካልሲ። የነጠላ ጫማ ነገር እንዳይታሰብ። ጋቢ ያለው ጋቢውን ይዞ ይምጣ፤ አምና ከጃኬቶቹ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው።

መኪና ይዛችሁ ባትመጡ እመክራለሁ። ማቆሚያው ውድ ነው፣ ሰልፉም ያሰለቻል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትነሱ ወደ ሼዲ ግሮቭ የሚሄደውን የሜትሮ ባቡር ቀይ መስመር ያዙ፤ ሳትቀይሩ ያደርሳችኋል። ከአሌክሳንድሪያ የምትመጡ በሰማያዊው ከሆነ ሜትሮ ሴንተር፣ በቢጫው ከሆነ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ቀይሩ። የምትወርዱት ክሊቭላንድ ፓርክ ነው። ዉድሊ ፓርክ የሚለው ጣቢያ ላይ «ዙ» የሚል ስላለበት ብዙ ሰው እዚያ ይወርዳል፤ ከዚያ ግን መንገዱ ዳገት ነው። ከክሊቭላንድ ፓርክ ሜዳ ነው። አያት ይዛችሁ ወይም የሕፃን ጋሪ እየገፋችሁ ከሆነ ልዩነቱ ይገባችኋል። ግቢው ራሱም ከበሩ ወደ ውስጥ ቁልቁለት ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ሮጠው እንዳይወርዱ ግን ያዙልኝ። መልሶ የሚሸከማቸው ማን ነው?

ምግብን በተመለከተ፣ የነቢያት ጾም ገብቷል። እዚያ የሚሸጠው ትኩስ ቸኮሌት ወተት ሊኖርበት ስለሚችል የምትጾሙ ቤተሰቦች ሻይ በቴርሞስ፣ ቆሎና ዳቦ ብትይዙ ይሻላል። የሚጾምም የማይጾምም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ልጅ አለን፤ ቆሎ ደግሞ ለሁሉም ይሆናል። ለውዝ የማይስማማቸው ሁለት ልጆች ስላሉን ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ አትጨምሩ። ይህን አደራ እላለሁ።

ዝናብ ቢዘንብም እንሄዳለን። በረዶ ወርዶ መካነ አራዊቱ ከዘጋ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካ 3 ሰዓት በፊት በቴሌግራም ግሩፓችን አሳውቃለሁ። ግሩፑን ድምፁን ያጠፋችሁ ለዚያ ቀን ክፈቱት፤ ብዙዎቻችሁ እንዳጠፋችሁት አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ህዳር 28 ለክፍል መምህሩ ወይም መምህሯ ስጡ። ቅጹ ላይ አብሮ የሚመጣውን ሰው ስም መጻፍ አትርሱ። ያን መስመር ባዶ የተወ ወላጅ ካለ ራሴ እደውልለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር

ማሳሰቢያ፦ አምና የተገኘ አንድ ሰማያዊ የግራ እጅ ጓንት እስከ ዛሬ ቢሮዬ አለ። ባለቤቱ ዘንድሮ እጁ አድጎ ይሆናል፤ ቢሆንም መጥቶ ይውሰድ።