እማዬ ያሰመረችበት ቁጥር

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ ጌታ ያውቃል። ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አለፈን። ደወልሽ፣ አላነሳሁም። ጻፍሽ፣ አልመለስኩም። ለገናና ለፋሲካ የላክሽልኝን ሁሉ አይቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ለማመካኘት ሳይሆን ምን ሆኜ እንደነበር እንድታውቂው ብዬ ነው።

እማዬ ያረፈች ሰሞን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ አንድ ሜሴጅ ልከሽልኝ ነበር። ኤርምያስ 29፥11። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ከሥሩ «አይዞሽ የኔ እህት» ብለሽ ጽፈሻል። አንብቤው ውስጤ ነደደ። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ላንቺ መመለስ አቃተኝ።

ለምን እንደሆነ ማወቅ አትችዪም ነበር። ለማንም አልተናገርኩምና።

እማዬ የኩላሊት እጥበት በጀመረች በሰባተኛው ወር አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ወሰድኳት። አገልጋዩ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከሰው መሀል አስነሳንና እጁን ጫነባት። ይህንኑ ቁጥር ጠቀሰ። ከዚያ በማይክ «በሦስት ወር ውስጥ ከማሽኑ ትላቀቂያለሽ፣ ጌታ እንዲህ ይላል» አላት። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ወለሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቤት ስንገባ ካላንደሩ ላይ ሦስተኛውን ወር ቆጥሬ ቀኑን በእስክሪብቶ አከበብኩት።

አክስቴ ያን ሰሞን «ከዘመድ መሀል ተመርምሮ ኩላሊት የሚሰጥ ይፈለግ» ስትል «ትንሽ እንጠብቅ» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። ያኔ እምነት መስሎኝ ነበር። ያከበብኩት ቀን ደረሰ። እማዬ እንደወትሮዋ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ተኝታ ዋለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፊቷን ማየት ፈራሁ። በአምስተኛው ወር አረፈች።

እሷን ቀበርኳት። ያንንም ቁጥር አብሬ የቀበርኩት መሰለኝ። ከዚያማ አንቺ ላክሽልኝ።

ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውኩም። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እዘምራለሁ፣ ስብከቱ ሲጀመር ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ሰው «ጌታ ተናገረኝ» ሲል ሆዴ ይጨነቃል። አንድ ቀን እበረታለሁ፣ በማግስቱ እንደ ጨርቅ እወድቃለሁ። ጥሩ መዝሙር ሲያነሳኝ ክፉ ወሬ ይጥለኛል። እንዲህ ሆኜ ነው ከዓመት በላይ የኖርኩት።

ባለፈው ክረምት የእማዬን ዕቃ ስናወጣ መጽሐፍ ቅዱሷ ከሳጥኑ ሥር ተገኘ። ታስታውሺዋለሽ መቼም። ጀርባው በፕላስተር የተጠገነው፣ ቡና ቡና የሚሸተው። ማንበብ የተማረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ልጅ አዝላ። እስከ መጨረሻው ድረስ በጣቷ እየነካች ፊደል በፊደል ነበር የምታነበው። እኛ ልጆች ሆነን «ፍጠኚ እንጂ እማዬ» እንላት የለ? አሁን ሳስበው፣ ቀስ ብላ ስለምታነብ መዝለል አትችልም ነበር። አንድ ምዕራፍ ከጀመረች ሳምንትም ቢፈጅባት ትጨርሰዋለች። እኔ ግን በአንድ ቁጥር ነበር የምኖረው። በስልክ ላይ፣ ከአበባ ፎቶ ጋር በሚላክ ቁጥር።

ኤርምያስ 29ን ገለጥኩት። 11ኛውን እንዴት እንዳሰመረችበት ለማየት ነበር። ምንም የለበትም። ቀዩ መስመር ያለው ቁጥር 5 ላይ ነው። «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፥ አታክልትም ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ።» ከጎኑ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በዚያ በትልልቁ ፊደሏ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፤ «ጎመን»።

የዚያን ዓመት ሰኔ ከጓዳው ጀርባ ያለችውን ቦታ በመጥረጊያ እንጨት እየጫረች ጎመን ተከለች። እጥበት ላይ ያለ ሰው ፖታሲየም ይከለከላል። ሙዝና ጎመን እንዳትነካ ሐኪሙ ነግሯታል። እኔ ተቆጣኋት። «ለማን ነው የምትለፊው? አንቺ አትበዪውም!» አልኳት። «ጎረቤት የለንም እንዴ?» አለችኝ። በየሁለት ቀኑ ትቆርጥና በፌስታል ታድላለች።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ምዕራፉን ከቁጥር 1 ጀመርኩ። አንቺዬ፣ ደብዳቤ ነው እኮ! ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች የላከው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከይሁዳ ንጉሥ ከኢኮንያን ጋር ለወሰዳቸው ሰዎች። «አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ» ይላቸዋል። ከዚያ ቁጥር 10 ላይ ሰባው ዓመት ሲፈጸም እንደሚጎበኛቸው ይነግራቸዋል። 11 የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰባ ዓመት! ደብዳቤው ሲነበብላቸው አርባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች አገራቸውን ዳግመኛ አያዩም ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚቀበሩት እዚያው ነው። «ፍጻሜና ተስፋ» የተባለው ለእነሱ ነው። እማዬ ይህን አንብባ ነበር። ጣቷን ሰባው ዓመት ላይ አድርጋ አልፋበታለች። ለዚህ ነው ያ አገልጋይ ሦስት ወር ሲላት ያላለቀሰችው፣ ቀኑ ሲያልፍም ያልተሰበረችው። እኔ ነኝ የተሰበርኩት።

ከዚያ ወደ ኋላ ምዕራፍ 28ን ገለጥኩ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ ካህናቱና ሕዝቡ እየሰሙ፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» ይላል። እሱም «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ ነው የጀመረው። ኤርምያስ ምን አለ መሰለሽ? «አሜን» አለ። እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ አለ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ኤርምያስም እንደ እኔ ሁለት ዓመት እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ወገኖቹ ናቸው የተማረኩት። ግን ምኞቱን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አልቀላቀለውም። ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ የተሸከመውን ቀንበር ሐናንያ ወስዶ ሲሰብርበት እንኳ መንገዱን ሄደ ይላል። ሁለቱ ዓመት አለፈ፣ ማንም አልተመለሰም። በ586 ቤተ መቅደሱ ራሱ ተቃጠለ። ሐናንያን ያመኑት ምን ቀራቸው? ኤርምያስን የሰሙት ግን ቤት ሠርተው ነበር። ዳንኤልን ብታዪው፣ በልጅነቱ ተማርኮ፣ ሸምግሎ፣ የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ ነው ዓመቱን የቆጠረው። ምዕራፍ 9 ላይ አለልሽ። ቆጠረና ለጸሎት ተንበረከከ።

እህቴ፣ የላክሽልኝ ቃል እውነት ነበር። እኔ የሰማሁት በሐናንያ ድምፅ ስለነበር ነው ያቆሰለኝ።

ትንቢት ጠላሁ እያልኩሽ አይደለም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው ሁሉን ፈትኑ ይላል። ሁለቱንም እይዛለሁ። አሁን ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ አሜን እላለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ አነባለሁ። በአንድ ቀን የመጣ ለውጥ የለም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት አክስቴን «እንጠብቅ» ያልኩበት ሰዓት እየመጣ ያንቀኛል። ግን ድሮ የስሜቴን ከፍታና ዝቅታ ነበር የማዳምጠው። አሁን የምቆምበት ነገር አለ። ጠዋት ሲከፋኝም ሲደላኝም ካቆምኩበት ቁጥር እቀጥላለሁ፤ እንደ እማዬ በጣቴ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ገርሞኛል። ምዕራፍ 38 ላይ ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ያወጣው የእኛው ሰው ነው፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ገመድ ብቻ አልወረወረለትም። አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ «ከገመዱ በታች በብብትህ አድርገው» አለው፣ እንዳይልጠው። ለቅሶ ቤት ስሄድ ይህን አስባለሁ። ቃሉን ከመናገሬ በፊት ቁጭ እላለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ስሙን እየጠራሁ ስለ ሟች አወራለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በመጨረሻ ስንነጋገር «ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ግን ልቤ ሻንጣውን አልፈታም» ብለሽኝ ነበር። ከነርሲንግ ሆሙ የሌሊት ሽፍት ወጥተሽ መኪና ውስጥ ሆነሽ። «ዘንድሮ ወረቀቴ ይስተካከላል ተብሎልኛል» አልሽኝ። ማን እንዳለሽ አልጠየቅኩም። ተስተካከለ? ጌታ ያድርገው፣ አሜን! ካልተስተካከለም ግን፣ በዚያች ሜሪላንድ ውስጥ ምን ተክለሻል? ጎረቤቶችሽን ታውቂያቸዋለሽ? ለከተማይቱስ ጸልየሽ ታውቂያለሽ? እየመከርኩሽ አይምሰልሽ። ለእኔ የረዳኝ ስለሆነ ነው።

የእማዬ ጎመን ሰኔ ላይ ራሱ በቀለ። ዘሩ ረግፎ ኖሯል። ትናንት ቆርጬ ለታችኛው ቤት ሰጠሁ።

ምዕራፍ 29ን ጨርሻለሁ። 30ን አልጀመርኩትም። ቅዳሜ ማታ፣ ያንቺ ከሰዓት በፊት ሲሆን፣ ደውዪልኝ። አነሳለሁ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ።

እህትሽ