እናታለም፣ ስለ ሳልዎ

ውድ እናቴ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን በስልክ ከመናገር ይልቅ በደብዳቤ ያደረግሁት፣ ባለፈው እሑድ ስለ ማኅበሩ ሲያጫውቱኝ አንዱን ነገር ሳይጨርሱ ሦስት ጊዜ ቆም ብለው ትንፋሽ ሲሰበስቡ ስለ ሰማሁ፣ ስጠይቅዎም «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ይተወኛል» ብለው ነገሩን ስለ ዘጉብኝ ነው። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያነብልዎታል፤ ያልገባዎትን ደግሞ እንዲያነብልዎ ይጠይቁት።

ጉንፋን ያመጣው ሳል ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ለእርሱ ዕረፍት፣ ማርና ትኩስ ነገር ይበቃዋል፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ በመሆኑ ከፋርማሲ የገዙት፣ ባክቴሪያን ብቻ የሚገድለው አሞክሳሲሊን ምንም አያደርግለትም። የእርስዎ ሳል ግን ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሳል ከሳንባም፣ ከልብም፣ ከጨጓራም፣ ከሚዋጥ መድኃኒትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ምንጩን መለየት የሚጀምረው እርስዎ ከሚነግሩት ነው። የምፈራውም ይህንኑ ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ብርድ ነው» ይላሉ።

በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ደም ግፊት መድኃኒትዎ ነው። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ጉሮሮን የሚከረክር፣ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ይህም መድኃኒቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ወይም ከወራት በኋላ ሊከሰት ይችላል። ምክንያቱ እርሱ ከሆነ ሐኪሙ በሌላ ዓይነት መድኃኒት ይቀይርልዎታል፤ ሳሉም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ነገር ግን አደራዎን፣ ይህን ሰምተው በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡት፤ ግፊቱ ከሳሉ የባሰ ጉዳት ያደርሳልና።

ቀጥሎ ልብ ነው። ልብ ደምን በሚገባ መግፋት ሲያቅተው ውኃ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰውየውም በጀርባው ሲተኛ ይታፈናል፣ ትራስ ይደራርባል፣ እኩለ ሌሊት ታፍኖ ተነሥቶ ይቀመጣል፣ ማታ ማታ እግሩ ያብጣል። ወንድሜ አሁን በሦስት ትራስ እንደሚተኙ ነግሮኛል፤ ድሮ አንድ ትራስ ይበዛብዎ ነበር። ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩት።

ስለ ጭሱ ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪገባልን ድረስ ለአርባ ዓመት ያህል በዚያች መስኮት በሌላት ማድ ቤት ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደዱ እንጀራ ሲጋግሩ፣ እኛ ልጆቹ ዓይናችንን አቃጥሎን ወደ ውጭ ስንሮጥ፣ እርስዎ ጎንበስ ብለው እሳቱን እፍ ይሉ እንደ ነበር አልረሳም። በሕይወትዎ ሲጋራ አጭሰው ባያውቁም፣ የማገዶ ጭስ ለብዙ ዘመን የገባበት ሳንባ ሲጋራ ሲያጨስ እንደ ኖረ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል፤ የአየር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ ጠዋት ጠዋት አክታ ይበዛል፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል። ሕመሙ በዓመታት ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ እርጅና ነው ይለዋል። እኔ እርጅና ነው ብዬ አልቀበለውም። ቱቦ ውስጥ በኃይል በማስተንፈስ የሚለካ ምርመራ አለ፤ የሚሳብ መድኃኒትም ትንፋሹን ያቀልላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ያጨሳሉ?» ብሎ ሲጠይቅዎ «አላጨስም» ብለው ብቻ አይለፉት፤ ስለ ማድ ቤቱም ይንገሩት። በበዓል ሰሞን እንኳ ወደዚያ ጭስ አይመለሱ፤ ዶሮውን ልጆቹ ይሥሩት። አስምም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ይብስና ደረት ሲር ሲር ይላል፤ ይህን ከሰሙ ይህንንም ያክሉበት።

ስሙን መጥራት የማይወዱት ሕመምም አለ። አክስቴ ሳንባ ነቀርሳ እንዳለባት እያወቀች፣ ጎረቤት ከቡና ይለየኛል ብላ ደብቃ ስንት ወር እንደ ቆየች ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እናታለም፣ ዛሬ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ይመርመር መባሉ የተለመደ ሥርዓት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ ሳያቋርጡ ስድስት ወር የወሰዱትም አብዛኞቹ ይድናሉ። ሌሊት ያልብዎት እንደ ሆነ፣ ቀሚስዎ ሰፍቶብዎ እንደ ሆነ፣ አክታው ደም የነካው እንደ ሆነ አይደብቁ። ለምርመራው የሚፈለገው ጠዋት ከደረት ውስጥ የሚወጣው አክታ ነው፤ ምራቅ ብቻ ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል።

በሰው እጅ የላክሁትን፣ ጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካውን መሣሪያ በተመለከተ፣ እኔ በምኖርበት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ ቁጥሩ 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት ይባላል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቁጥሩ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ከለመዱት ቁጥር በድንገት ከወረደ ግን ያን ጊዜውኑ ተነሥተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ከንፈርዎ ቢጠቁር፣ ደም ቢያስልዎ፣ ደረትዎን ቢወጋዎ ወይም አንድ እግርዎ ብቻ ድንገት ቢያብጥ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለወንድሜም የጻፍሁለት አለ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው የሳንባ ምች ሲይዘው ትኩሳት ሳይኖረው ሊቀርና በምትኩ ነገር ሊምታታበት ይችላልና፣ ንግግርዎ ከተለወጠበት አይዘግይ።

ማክሰኞ ጠዋት እርሱ ይዞዎት ይሄዳል፤ የሥራ ፈቃድም ጠይቋል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተሰጠዎትንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት አድርገው ይያዙ። ማታ እደውላለሁ፤ ሐኪሙ ያለዎትን ሳያሳጥሩ ይንገሩኝ፤ እየቆሙ ቢነግሩኝም እጠብቃለሁ።

አክባሪዎና ናፋቂዎ ልጅዎ