የግብርና ክበባችን ዓመት፦ የጎደሬ ዘር መረጣ

ክበባችን ዘንድሮ ከሌላው ሥራ ሁሉ ያስቀደመው የጎደሬ ዘር መረጣን ነው። በወላይታ ቦይና የምንለውን ይህን ተክል አብዛኞቹ አባሎቻችን ከጓሯቸው ያውቁታል። በየቤቱ የሚታየው ልማድ ግን ያሳዝናል፤ ምርጡ ለገበያና ለድስት ይወጣና ግርዱ ለዘር ይቀራል። ጎደሬ የሚባዛው ከራሱ አካል፣ ማለትም «እናት» ከምንለው ከዋናው የሚበላ አካል ወይም «ልጆች» ከምንላቸው በዙሪያዋ ከሚወጡት ትንንሾች ስለሆነ የእናቲቱ በሽታ በዘሩ ውስጥ አብሮ ይሄዳል። ምርቱ ሲቀንስ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ በመሬቱ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ መረጣውን የጀመርነው ገና ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ፣ መስከረም ላይ ነው። ተማሪዎቹ በመስመሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ቅጠላቸው ሰፊና ነጠብጣብ የሌለበት፣ ግንዳቸው ወፍራም የሆኑትን ተክሎች በቀይ ክር አሰሩ። ከማዳበሪያ ጉድጓዱ አጠገብና ክፍት ቦታ ዳር ያሉትን አለፍናቸው፤ እነዚያ የገዘፉት በምቾት እንጂ በዘራቸው ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ከተነቀለ በኋላ የብርቱዋ እናት ትንሽ ልጅና የደካማዋ ትንሽ ልጅ በእጅ ላይ ምንም አይለያዩም። መረጣው በማሳ ላይ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ኅዳር ላይ ክር ከታሰረባቸው ተክሎች ከፊሉን ቆፍረን ልጆቹን በቤተ ሙከራው ሚዛን መዘንናቸው። ከ50 እስከ 100 ግራም ያሉት ለዘር ተለዩ፤ ከዚያ የሚበልጡት ተሸጡ፣ የሚያንሱት ተቀቅለው ተበሉ። ዘሩን ሳናጥብ፣ አፈሩን ብቻ አራግፈን፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር በእንጨት መደርደሪያ ላይ ሳንደራርብ ዘረጋነው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ በየሳምንቱ እያንዳንዱን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ትፈትሽ ነበር። ከላይ ጤናማ የሚመስለውን አንዱን «ይሄ ልስልስ ብሏል» ብላ ስትሰነጥቀው ነጩ ሥጋ ውስጥ ቡናማ መስመር ተገኘ። እሷ ባትደርስበት ኖሮ ብስባሱ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመት ነበር።

የቀሩትን ባለ ክር ተክሎች እስከ መጋቢት ከመሬት ሳናወጣ አቆየናቸው። ከእያንዳንዳቸው የእናቲቱን አናት ጣት ከሚያህል ሥጋና ስንዝር ከሚሆን ግንድ ጋር ቆርጠን፣ ቅጠሉን አስወግደን ተከልነው፤ የተረፈው አካል ለገበያ ዋለ። ትርፉ እዚህ ላይ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ አስልተውታል፦ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንድ ሄክታር ከ26 ሺህ በላይ ተክል ይይዛል፤ እያንዳንዱ ዘር 75 ግራም ቢመዝን 20 ኩንታል የሚበላና የሚሸጥ ጎደሬ አፈር ውስጥ ይገባል ማለት ነው። አናቱን የተከለ ገበሬ ያንን ጎደሬ ይሸጠዋል። ችግሩ አናቱ እንደ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ አይቆይም፤ ዝናቡ ሲደርስ ተቆርጦ ወዲያው መተከል አለበት።

አረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣውን «ቦሎሶ 1» የተባለ ምርታማ ዝርያ ከአካባቢው ዝርያዎች ጋር ጎን ለጎን ተክለናል። አንዳንድ ወላጆች ምርታማውን ብቻ ለምን አትተክሉም ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሳችን የሳሞአ ታሪክ ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ወደዚህች የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች አገር የገባው የቅጠል ዋግ የአገሪቱን የጎደሬ የውጭ ንግድ ያወደመው ገበሬው በአብዛኛው ገበያ የሚወደውን አንድ ዝርያ ብቻ ይተክል ስለነበር ነው። ተማሪዎቻችን ካርታ ላይ እነዚያን ደሴቶች ሲፈልጉ ማየት ደስ ይላል።

ይህ ዘገባ በሚጻፍበት በሰኔ ከአናት የተተከሉት ቀድመው ቅጠል አውጥተው እኩል ቆመዋል፤ ከልጆቹ የተተከሉት ዘግይተው እየተከተሉ ነው። ሁለቱም ተኮትኩተው አፈር ታቅፈዋል። በክረምቱ ዕረፍት አረሙንና የቅጠሉን ነጠብጣብ የሚከታተሉ በቅርብ የሚኖሩ አባላት ተራ ወጥቶላቸዋል። ዘር የሚፈልጉ ወላጆች መስከረም ላይ ቅጠሉ ሳይደርቅ መጥተው ከማሳው ራሳቸው እንዲመርጡ እንጠይቃለን።